ያልታረመው መስመር

ስለሺ «ረቡዕ» የሚለውን ቃል በቀይ ይሰርዝና ከላዩ «ሐሙስ» ብሎ ይጽፋል። ቀይዋ እርሳስ የሥራው ናት፤ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ በሚገኘው የመነጽር ፋብሪካ ጭረት ያለበትን መስታወት የሚያከብብባት። ስምንት ዓመት መብራት ሥር መስታወት እያገላበጠ፣ ሌላ ሰው ያላየውን ጭረት ሲያወጣ ኖሯል።

«የወሰዱን ሐሙስ ነው» ይላል። «የገበያው ማግስት ነበር።»

ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው ኤልፍነሽ ሳቅ ትላለች። «ከሃያ ዓመት በኋላም ማርክ ሊቀንሱ ነው፣ ቲቸር?»

«ችሎት የሚቀርብ ወረቀት ነው። አንዱ ቀን ከተዛነፈ ሌላውንም አያምኑሽም።»

«ያርሙት፣ ያርሙት። ዛሬውኑ ታይፕ አስደርገዋለሁ። ሰኞ አዲስ አበባ የሚበር ሰው አግኝቻለሁ።»

ብሉር ጎዳና ላይ ያለች ዶናት ቤት ናቸው። ከመሬት ሥር ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ኩባያው ውስጥ ያለው ቡና ይንቀጠቀጣል። ኤልፍነሽ ከሰዓት ሺፍት አለባት፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራበትን ነጭ ጫማ እንዳደረገች ነው የመጣችው።

ወረቀቱ ኤልፍነሽ በስለሺ ስም ያረቀቀችው የምስክርነት ቃል ነው። ወንድሟን ዘርይሁንን ቀበሌው ሲወስደው ዕድሜው አሥራ ሰባት ነበር። አሁን አዲስ አበባ ላይ የቀይ ሽብር ችሎት ተከፍቷል፤ ተከሳሹ የቀበሌ ሊቀመንበር ግን «እንዲህ የሚባል ልጅ እኛ ዘንድ አልመጣም» ብሏል። መምጣቱን ካዩት መካከል በሕይወት የተረፈው የታሪክ አስተማሪው ስለሺ ብቻ ነው።

ተራ ቁጥር ሁለት፦ የክፍሉ መስኮት ሁለት ሳይሆን አንድ ነው። ያርማል። ተራ ቁጥር ሦስት፦ መርማሪው ወታደር ሳይሆን የቀበሌ ካድሬ ነው። ያርማል። ተራ ቁጥር አራት ላይ እርሳሷ ትቆማለች።

«4. ስም እንድናወጣ ተጠየቅን። እኔም ተማሪዬም እምቢ አልን።»

«ይሄን ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? የታወቀ ነው እንጂ። ቆይ፣ የማሳይዎት ነገር አለ።»

ከቦርሳዋ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥታ በሁለት እጇ ታቀብለዋለች። የፈተና ወረቀት ነው። ጥያቄውን ያወጣው እሱ ራሱ ነው፦ ጋሊልዮ በ1633 ሮም ላይ ተንበርክኮ ቃሉን ማጠፉ ተገቢ ነበር ወይ? የዘርይሁን መልስ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል፦ ተገቢ ነበር። ምድር እንደሆነች እሱ ተንበረከከም አልተንበረከከም ትዞራለች፤ የሞተ ሰው ግን በቴሌስኮፕ ሰማይ አያይም።

ከሥሩ በቀይ የስለሺ የእጅ ጽሑፍ፣ ዛሬም ያልተለወጠው፦ «ብሩኖን ረሳኸው። እሱ አልተንበረከከም፤ በ1600 በእሳት ተቃጠለ። እንደገና አስብበት። 6/10።»

«እንደገና አሰበበት» ትላለች ኤልፍነሽ። «እማዬ ከፎቶው ጋር ነው ያስቀመጠችው። ‹ልጄ መምህሩን መሰለ› ትላለች። ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ ይህን ሳያይ አይሄድም ነበር።»

ስለሺ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ያደርጋል፣ መስታወት እንደሚመረምር። ስድስት ከአሥር። የልጁ መልስ ላይ ጭረት አያገኝም። አራቱን ማርክ ለምን እንደቀነሰ ግን ያውቃል፤ ያን ጊዜ ተማሪዎቹ ደፋር ሲሉት ደስ ይለው ነበር።

ያን ሐሙስ ካድሬው በራሪ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። የተገኘው ከስለሺ መሳቢያ ነው፤ እዚያ የደበቀውም ራሱ ስለሺ ነው። ማንም በጥፊ እንኳ አልነካውም። ስለሺ «ያመጣው ተማሪዬ ዘርይሁን ነው» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመበትም። ከዚያ እሱን አስወጥተው አብሮት የተያዘውን ልጅ አስገቡት። በሩ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰማ።

«የማን ነው? የአስተማሪህ ነው፣ አይደል?»

«እሱ ታሪክ ነው የሚያስተምረኝ» አለ ዘርይሁን። «ሌላ አላውቅም።»

ደግመው ጠየቁት። ከዚያ መጠየቁን ትተው መምታት ጀመሩ። ልጁ ሲጮህ ይጮሃል፤ ቃል ሲያወጣ ግን ያችኑ መልስ ነው። ስለሺ ዓርብ ጠዋት ተለቀቀ። ልጁ ቅዳሜ መንገድ ዳር ተገኘ።

«ቲቸር?» ኤልፍነሽ አንገቷን ወደ ወረቀቱ ታሰግጋለች። «ስሕተት አገኙበት እንዴ?»

እርሳሷ ከተራ ቁጥር አራት ላይ አልተነሣችም። «እኔም» በሚለው ቃል ላይ አንድ መስመር ቢያሰምር ይበቃል። ስለሺ እርሳሷን ወደ ታች ያወርዳል።

«አምስት ላይ» ይላል፣ «በሩን ጥቁር ብለሽዋል። አረንጓዴ ነበር።»

«ውይ! እርስዎ እኮ አንድም ነገር አይረሱም።»

ያርማል። ስድስትንና ሰባትንም አንብቦ ያርማል። ከዚያ ለብቻው ወዳለው የፊርማ ገጽ አልፎ ሙሉ ስሙን በጥንቃቄ ይጽፍና ይፈርማል።

ኤልፍነሽ ወረቀቶቹን አቃንታ ቦርሳዋ ውስጥ ታስገባለች፣ የፈተናውንም ጭምር። ትነሣለች፤ የምትሄድ ይመስለዋል። እሷ ግን ጠረጴዛውን ዞራ ትመጣለች።

«እማዬ አደራ ብላኛለች» ትላለች። «‹ካገኘሽው ጉልበቱን ሳሚልኝ› ብላ።»

ወጉ የታወቀ ነው። ሳትደርስበት ብድግ ብሎ፣ ክንዷን ይዞ፣ «ኧረ በእግዜር! አይገባም፣ ተነሺ» ማለት አለበት። ቀይዋ እርሳስ እጁ ውስጥ እንዳለች ነው። አይነሣም። ገንዘብ ተቀባይዋ ቀና ብላ ታያቸዋለች። ከሥር ባቡር ያልፋል፤ ቡናው ይንቀጠቀጣል። ኤልፍነሽ በነጭ ጫማዋ፣ ቀዝቃዛው ወለል ላይ፣ ፊቱ ተንበርክካለች።