የኩሽናው አምላክ አፍ

ቻይና ውስጥ አዲስ ዓመት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ በየኩሽናው ግድግዳ የተለጠፈው የወረቀት አምላክ ተቃጥሎ ከጭሱ ጋር ወደ ሰማይ ይወጣል። እዚያም ዓመቱን ሙሉ በቤቱ ያየውን ሁሉ ለሰማይ ንጉሥ አንድ ሳያስቀር ይዘከዝካል። ስለዚህ ሰው አስቀድሞ ከንፈሩን ማር ይቀባዋል፤ አፉ ከተጣበቀ በምኑ ያወራል?

ሹፌን ባሏ ከሞተ ወዲህ ማር ያስፈለጋት ገና ዘንድሮ ነው። ዓሣ ሻጩ "ዓሣ ላድርስ" እያለ መጥቶ ኩሽናዋ ውስጥ ማምሸት ጀምሯል። እሷ ግን ከሰማዩ ንጉሥ ይልቅ የምትፈራው አማቷን ነው፤ አሮጊቷ የሟች ልጃቸውን ፎቶ ሳይወለውሉ አይውሉም። እሳቸው ሳይነሱ የማር ማሰሮዋን ይዛ ኩሽና ገባች።

አምላኩ ከአገጩ እስከ ግንባሩ በማር ተለውሷል።

"ከንፈሩን የቀባሁት ላንቺ ብዬ ነው" አሉ አማቷ ከኋላዋ። ማሰሮው ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። "ዓሣ ሻጩ ደግ ሰው ነው፤ ብቻ ሲስቅ ጎረቤት ይሰማል።"

"ዓይኑንስ ለምን ቀቡት፣ እማማ?"

አሮጊቷ ሽበታቸውን በመዳፋቸው አስተኙ።

"ዓይኑ የራሴ ጉዳይ ነው። አንቺ ዛሬ ገበያ ቆየት ብለሽ ነይ።"