አራት መቶ ሠላሳ አንድ

«ወጋሽ?» ይለኛል ባሌ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

«ገና ነኝ።»

«አሁንስ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ጣቱ የኔ፣ መርፌው የኔ፣ አንተን ምን ያስጨንቅሃል?»

ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዳ፣ ጎማ ለብቻው የሚያነሳ ወንድ፣ ገና ደም ሲባል ዓይኑን ይጨፍናል። የስኳር መለኪያዋን ግን ሙጭጭ አድርጎ ይዟታል። ቁጥሩን የሚያነበው እሱ ነው፤ እኔ እንዳላጭበረብር።

ያለነው ኬክ ቤታችን ጓዳ ውስጥ ነው። ስኳር እንዳለብኝ ከተነገረኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። እኔ ኬክ ጋጋሪዋ! የሰፈሩ ሰው «አብራው ስትውል ተጋባባት» እያለ ሲስቅ ሰነበተ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ባሌ አልሳቀም። «የሚገድልሽ ይሄ ቤት ነው» ብሎ ምድጃውን ሊሸጥ ተነሳ። ለመንኩት፣ ተጣላሁት፣ በመጨረሻ ተዋዋልን፦ ኪኒኔን ልውጥ፣ በእግሬ ልሂድ፣ የክሬም ማንኪያ አልልስ። ዛሬ ጠዋት በባዶ ሆድ ስለካ ቁጥሩ ከመቶ ሠላሳ በታች ከወረደ እሱ ስለመዝጋት ሁለተኛ ላያነሳ፤ ካልወረደ ደግሞ እኔ ምድጃውን ላልከለክለው። ቃል የእምነት ዕዳ ነው።

ክሬም ሳይልሱ ክሬም መሥራት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ይፍረደኝ። ግን አደረግኩት። ሰውነቴም ቀለል ብሎኛል፣ ሌሊት ውኃ ውኃ ማለቱንም ትቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ ከንጋት ጀምሬ የሰው ሠርግ ኬክ ላይ ስኳር እየነሰነስኩ ስዘፍን ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ እጄን ጥርግ ጥርግ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ጠቅ! ትንኝ የነከሰችኝን ያህል ነው። ጠብታዋን ከመለኪያዋ ወረቀት ጫፍ አስጠጋታለሁ፤ ሽው ብላ ትገባለች።

ባሌ አንድ ዓይኑን ይገልጣል። ከዚያ ሁለቱንም።

«አራት መቶ ሠላሳ አንድ።»

«ገልብጠህ ይዘሃት ይሆናል!»

አልገለበጠም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው። ያ ሁሉ መንገድ በእግር፣ ያ ሁሉ ያልተላሰ ማንኪያ፣ ለዚህ!

ባሌ አይቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ይነሳል፣ ለቀጣዩ ኬክ እያሞቅኩት ወደነበረው ምድጃ ይሄዳል፣ ቋ አድርጎ ያጠፋዋል። ሲያጉረመርም የነበረው የምድጃው ማራገቢያ እያቃሰተ ይቆማል። ጓዳዬ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

«እናቴን በዚሁ በሽታ ነው የቀበርኳት» ይላል፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ። «አንቺን አልደግምም።»

ስልኬን አንስቼ አለካክ ያስተማረችኝ ነርስ ጋ እደውላለሁ።

«ሲስተርዬ፣ አለቀልኝ! አራት መቶ ሠላሳ አንድ! ምድጃዬን አጠፋብኝ!»

«ይረጋጉ እትዬ። የበሉት ነገር አለ?»

«እንኳን ልበላ አላሸተትኩም!»

«ያዞርዎታል?»

«የሚያዞረኝ ባሌ ነው!»

«እጅዎን ታጥበው ነበር?»

«ጠርጌዋለሁ።»

«በምን?»

«በሽርጤ ነዋ!»

«እትዬ፣ ሽርጥዎ ላይ ምን አለ?»

ቁልቁል አያለሁ። ባሌም ዞሮ ያያል። ከደረቴ እስከ ጉልበቴ ነጭ ነኝ። የተፈጨ ስኳር! ጭቃ ቢሆን ይታየኝ ነበር፣ ዘይት ቢሆን ይታየኝ ነበር። ስኳር ግን መች ቆሻሻ ሆኖ ያውቃል? በኔ ሙያ እጅ በሽርጥ ተጠረገ ማለት ጸዳ ማለት ነው።

«የለኩት ደምዎን አይደለማ፣ ኬኩን ነው!» ትላለች ሲስተር፣ ሳቋን መያዝ አቅቷት። «በውኃና በሳሙና ይታጠቡ፣ በደንብ ያድርቁት፣ ከዚያ በሌላ ጣት። አልዘጋም፣ እጠብቃለሁ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቼ እስከ ክርኔ እታጠባለሁ። ባሌ ሽርጤን ከላዬ ፈትቶ፣ እባብ የያዘ ይመስል በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ ወስዶ ውጭ ይጥለዋል። ተመልሶ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል።

አዲስ ወረቀት። ሌላ ጣት። ጠቅ!

አሁን ዓይኑን አልጨፈነም። ግንባሩ በላብ ተነክሮ ደሜን ትኩር ብሎ ያያል። ከዚያ መለኪያዋን ያያል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«ተናገር እንጂ! በሞቴ!»

መንጭቄ አያለሁ። መቶ አሥራ ስምንት።

«መቶ አሥራ ስምንት! ጉድ በል!» ብዬ እዘላለሁ። በዚህ ውፍረቴ እዘላለሁ፣ ጣሳው ሁሉ ይንኳኳል። ባሌ የዱቄት ጆንያው ላይ ዘፍ ይልና ትከሻው ይርገፈገፋል። ይስቃል ብዬ ጠጋ ስል እያለቀሰ ነው። ራሱን ወደ ሆዴ አስጠግቼ እይዘዋለሁ፣ እኔ ደግሞ ሳቄ አላቆም ይለኛል። ደስ አለኝ፣ ደስ አለኝ፣ ምን ልበል!

«ሄሎ? እትዬ? ኧረ ስንት መጣ?»

ሲስተር! ጭራሽ ረስተናታል። በሳቅ ትንፋሽ አጥሮኝ ለባሌ በእጄ ምልክት እሰጠዋለሁ። ስልኩን ያነሳል።

«ሲስተር…» ይላል። እንደገና ይሞክራል። «ሲስተር…»

«ጌታዬ፣ ምን ተፈጠረ? አያስደንግጡኝ እንጂ!»

ፊቱን በእጁ ጀርባ ይጠርጋል። ይነሳል። ማብሪያውን ይጫነውና ማራገቢያው ማጉረምረም ሲጀምር፣ ክንዱን ዘርግቶ ስልኩን ወደ ምድጃው ያስጠጋላታል።