ከነጩ ቀለም ሥር

አሮጌ መኪኖችን እያደሰ በቴሌቪዥን ለሚያሳየው ፕሮግራም ሌሎች ባለመኪናዎች መኪናቸውን አስረክበው ይሄዱ ነበር። ወይዘሮ ትርንጎ ግን ነጯን ቮልሳቸውን ካስረከቡ ወዲህ በየቀኑ ጋራዡ ይመጣሉ። ይቀመጡ ሲሏቸው ይነሳሉ፤ ሳያስቡት ካሜራው ፊት ይገባሉ።

"ቀለሙን መቼ ነው የምትፍቁት?"

"እትዬ፣ መጀመሪያ ሞተሩ ነው" አላቸው መካኒኩ ኩምሳ።

"ሞተሩ ይቆይ!"

በአራተኛው ቀን ምክንያቱን ነገሩት። "አባቴን በሰባ ዓመተ ምሕረት ከነመኪናው ወሰዱት፤ ሁለቱም አልተመለሱም። ሰማያዊ ቮልስ ነበረች። ይቺም ያኔ የተወረሰች ናት ሲሉኝ፣ ቀለሟን ለውጠውት ይሆናል ብዬ ገዛኋት።"

ኩምሳ ሞተሩን ትቶ በሩን መፋቅ ጀመረ። ነጩ ሲነሳ ከሥሩ አረንጓዴ መጣ። ወይዘሮ ትርንጎ ተጠጉ። አረንጓዴውም ሲፋቅ ብረቱን የያዘው የመጀመሪያው ቀለም ታየ። ቀይ ነበር።

ኩምሳ አቀረቀረ። ካሜራ ያዡ ልጅ ካሜራውን ሊያጠፋ እጁን ሰደደ።

"አታጥፋ" አሉት። "ጠጋ በልና ቀዩን በደንብ አሳየው። እሱንም የሚፈልግ ሰው ይኖራል።"