ቀይዋ አሥራ ስምንት

ኦሊያድ እስከ ዓርብ ድረስ አንድ ሰው መምረጥ ነበረበት።

ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካሉት የሸሚዝ ፋብሪካዎች በአንዱ ከተቀጠረ ገና ሁለተኛ ወሩ ነው። ሥራው ላይን አምስት የሚባለውን የስፌት መስመር ኮምፒውተር ውስጥ መገንባት ነበር። ከበሩ ጀምሮ በአንድ ረድፍ ሠላሳ ማሽን፣ ሠላሳ ኦፕሬተር። ፕሮግራሙ ውስጥ እያንዳንዷ ሴት ትንሽ አሻንጉሊት ሆናለች፤ ሥራው ከሄደላት አረንጓዴ፣ ከተጓተተባት ቀይ። እውነተኛው ላይን ሳይነካ አንዷን አውጥቶ፣ ሌላዋን አዛውሮ የወሩን ምርት በአንድ ደቂቃ ማየት ይቻላል።

"ከየላይኑ አንድ ሰው ይቀነሳል፤ ትእዛዙ ከላይ ነው" አሉት ሥራ አስኪያጁ አቶ ኃይለጊዮርጊስ። "ልብስ ሰፊ አሥር ጊዜ ለክቶ አንዴ ነው የሚቆርጠው። አንተም ለካና ስም አምጣልኝ።"

"ስም ባላመጣስ፣ ጋሼ?"

"የሙከራ ጊዜህ መቼ ነው የሚያልቀው?"

የሚያልቀው በዚያው ሳምንት ነበር። እናቱና ሁለት እህቶቹ ደግሞ የእሱን እጅ ነው የሚያዩት። እጅ ከወርች መታሰር ማለት ይኸው ነው።

ፕሮግራሙን አስኬደው። አሥራ ስምንት ቁጥር ቀይ ሆነች። ዕረፍት ጨመረ፤ ቀይ። የጨርቁን ጋሪ መንገድ ቀየረ፤ ቀይ። የቁልፍ ማሽኑን ሆን ብሎ አዘገየ፤ አሁንም እሷው። ሰው ከእንጀራው የሚያፈናቅል እጅ የእሱ እንዳይሆን ሃምሳ ጊዜ ሞከረ። ፕሮግራሙ ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም።

አሥራ ስምንት ቁጥር ኮሌታ የምትሰፋው ታቢታ ናት። በቀን ከሚጠበቅባት አራት መቶ ኮሌታ በካርዷ የሚመዘገበው ሁለት መቶ ነው፤ ከበዛ ሁለት መቶ አሥር። አጠገቧ አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ ያንኑ ኮሌታ የምትሰፋው ፍሬሕይወት ደግሞ አራት መቶ ተባለች፣ አራት መቶ ታስረክባለች። አንድ አይጎድል፣ አንድ አይተርፍ። ራስ ምታት የላት፣ ሰኞ የላት። ኦሊያድ እንዲህ ያለ ቁጥር በመጽሐፍ እንኳ አላየም።

ረቡዕ የሁለቱን ፋይል አወጣ። በአንድ ቀን ተቀጥረዋል፤ አድራሻቸውም አንድ ነው፤ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ያው የኪራይ ቤት። ፍሬሕይወት በፎቶዋ ላይ ወፍራም መነጽር አድርጋለች። አሁን ትታዋለች። ማማር የማይወድ ማን አለ ብሎ ፈገግ አለ።

በማግስቱ ወርዶ ከጨርቁ ክምር ኋላ ቆመ። ሁለቱ እንደሌሎቹ ጓደኛሞች ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። አንዷ ወደ ሽንት ቤት ስትነሣ ሌላዋም ትነሣለች፤ ሲመለሱም ክንድ ለክንድ ናቸው። ኦሊያድ ደቂቃውን መዘገበና ከጎኑ "ወሬ" ብሎ ጻፈበት።

ደሙን ያፈላው ግን ሌላ ነገር ነው። ታቢታ ግራና ቀኝ ታይና፣ በእግሯ ቅርጫት እየገፋች፣ በጠረጴዛው ሥር ወደ ፍሬሕይወት ኮሌታ ታሳልፋለች። ቅርጫቱ ውስጥ ያለው የተሰፋ ይሁን ያልተሰፋ ከቆመበት አይታይም፤ ማየትም አላስፈለገውም። ለካ ይህች ሴት በጓደኛዋ ላብ ነው የምትኖረው!

ታቢታ ምሳቸውን ልታመጣ ስትሄድ ጠብቆ ከፍሬሕይወት ፊት ቆመ። እስኪናገር ድረስ ቀና አላለችም።

"ፍሬሕይወት፣ ኦሊያድ ነኝ፣ ከላይ ቢሮ።"

ደንግጣ ተነሣች። "አቤት ኢንጂነር" አለች፣ በትከሻው ላይ አሻግራ እየተመለከተች። ዓይን አፋር ብጤ ናት።

"እውነቱን ንገሪኝ። ታቢታ ሥራዋን ትጭንብሻለች?"

የማሽኑን ጠርዝ በእጇ ፈልጋ ያዘች። "እሷን እንዳትነኳት። ሰው መቀነሱ ካልቀረ እኔን ቀንሱኝ።"

አንጀቱን በላችው። ተበድላ ለበደለቻት የምትለምን! ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ። አሁን የሚያወጣው ትርፍ ሰው ሳይሆን በዳይ ነው።

ዓርብ ታቢታ ተጠራች። ወረቀቱን ፈረመችና ብዕሩን ሳታስቀምጥ ጠየቀች።

"ፍሬሕይወትስ? እሷ ትቀራለች አይደል?"

ቅናት ነው አለ ኦሊያድ በልቡ። "ትቀራለች። ከእንግዲህ ማንም ሥራውን አይጭንባትም።"

ታቢታ አፏን ከፈተች። አቶ ኃይለጊዮርጊስን አየች፣ ኦሊያድን አየች። የሚወጣው ቃል ሁሉ የት እንደሚያደርስ የለካች ይመስል መልሳ ገጠመችው።

"ሰኞ አንድ ጊዜ ገባ ብዬ ልውጣ?" አለች።

"መታወቂያሽን አስረክቢ" አሏት አቶ ኃይለጊዮርጊስ።

መታወቂያውን ከአንገቷ አወለቀች። "ጌታ ይባርካችሁ" ብላ ወጣች። ኦሊያድ እንባዋን አይቷል፤ አዝኗልም። ግን እሁድን ሐይቅ ዳር ዓሣ እየበላ፣ ከወጥመድ እንዳመለጠ ሰው አየሩን እየሳበ ዋለ። በኪሱ የቋሚነት ደብዳቤ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወርዶ ላይን አምስት ጫፍ ላይ ቆመ። ሸክሟ የወረደላት አሥራ ሰባት ቁጥር ዛሬ ከአራት መቶም እንደምታልፍ ፕሮግራሙ ነግሮታል። ይህንን በዓይኑ ማየት ፈለገ። በሩ ተከፈተ። ሴቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ እየተሳሳቁ ገብተው በየማሽናቸው ተቀመጡ።

ከሁሉም ኋላ ፍሬሕይወት ብቻዋን ገባች፤ ማሽን በማሽን በመዳፏ እየዳሰሰች፣ በለሆሳስ እየቆጠረች መጥታ፣ አሥራ ሰባት ስትል ቆመች።