የማዶው ፍልፈል

ላጲሶ በሆዱ ተኝቶ እጁን እስከ ክንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ወጥመድ ሲጎትት፣ ከወንዙ ማዶ እሸቴ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጮህበታል።

“በአንተ በኩል ስንት ተያዙ?”

“ስድስት!” አለ ላጲሶ ቀና ብሎ። “ሁለቱ ሞተዋል!”

“ወጣቶች ናቸው?”

“ሁሉም ወጣት ወንዶች ናቸው!”

ሥራቸው ይኸው ነው። ሁለቱም የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ሠራተኞች ናቸው፤ ከገርጂ ጀርባ ባለው ሜዳ ፍልፈል ያጠምዳሉ። የሰፈሩ ሰው ላጲሶን “የአይጥ ሊቀመንበር” ይለዋል። እሱም አይከፋውም፤ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት ከሰው ሊቀመንበርነት የአይጥ ይሻላል እያለ በልቡ ይስቃል። በልቡ ብቻ ነው ታዲያ።

ጥናቱ የአለቃቸው የዶክተሩ ነው። ፍልፈል ከጉድጓዱ አይርቅም፣ ውሃም ገደልም አይሻገርም። ወንዙ መሬቱን ሰንጥቆ ሸለቆ ካወጣ ወዲህ፣ የአንድ እናት ልጆች የነበሩት በብዙ ሺህ ዘመን እየተለያዩ ሄዱ። በእሸቴ በኩል መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ የዚያ ፍልፈል እንደ ከሰል ጠቁሯል፣ ጥፍሩም ጭቃ ለመዛቅ ሰፍቷል። በላጲሶ በኩል አፈሩ ቀይ ነው፤ የዚህኛው ቀልቶ ቀርቷል። መሃላቸው መቶ ሜትር አይሞላም። በሦስት ዓመት ሥራ ላጲሶ አንድም ጥቁር ፍልፈል በቀዩ በኩል አይቶ አያውቅም።

ሰባተኛውን ወጥመድ ጎትቶ ሲያወጣ፣ ውስጡ ያለው ጥቁር ነበር።

ገና ምኑንም ሳያስበው ከኋላው ድምፅ መጣ።

“ጌታዬ፣ ከተያዙት ውስጥ ቢተው የሚባል ልጅ አለ?”

ዘወር ሲል አንዲት ጠና ያሉ ሴት ቆመዋል። ፊታቸው ላይ ቁጣም ልመናም የለም፤ ብዙ ቢሮ ደጅ የቆመ ሰው ፊት ነው።

“ሲናገሩ ሰማሁ” አሉ። “ስድስት ወጣቶች ተያዙ ሲሉ፣ ሁለቱ ሞቱ ሲሉ። እናቱ ነኝ፣ ሃረገወይን እባላለሁ። ጥርሱ ፍንጭት ነው። በጥቅምት ነው ላምበረት ላይ ከአውቶቡስ አውርደው የወሰዱት። ሞቶም ከሆነ ይንገሩኝ። አልጮህም።”

በዚያ ዓመት “ተያዘ” ሲባል የማትደነግጥ እናት አልነበረችም፤ ላጲሶና እሸቴ ግን ቃሉን ከወንዝ ወዲያና ወዲህ ሲቀባበሉት፣ የሚሰማቸው ሰው ይኖራል ብለው አንድ ቀን እንኳ አላሰቡም። ላጲሶ አፈረ፤ መሬት ብትውጠው ደስ ባለው።

“እማማ፣ እኛ ፍልፈል ነው የምንይዘው” አለና ጆንያውን ከፍቶ አሳያቸው።

ወይዘሮ ሃረገወይን ጎንበስ ብለው አዩ። ይቆጣሉ ብሎ ጠበቀ፤ አልተቆጡም። “ጌታዬ” ማለቱን ግን ተዉት።

“እና አንተ የመንግሥት ሰው አይደለህም፣ ልጄ?”

“ነኝ፤ ግን በአይጥ በኩል ነው።”

ፈገግ ሊሉ ነበር፤ አልሆነላቸውም። “ስምንት ወር ወደ እስር ቤቱ ስንቅ አመላለስኩ። ካለፈው ሳምንት ወዲህ አይቀበሉኝም። ለምን ስል አይነግሩኝም። ገልባጭ መኪና ወደዚህ ሜዳ ሲመላለስ አየን ያሉኝ ሰዎች ስላሉ ነው የመጣሁት። እንዳላለቅስ መሞቱን አላውቅ፤ እንዳልጠብቅ መኖሩን አላውቅ። ይኼን ብቻ ነው የምፈልገው፣ ማወቁን።”

ላጲሶ የሚላቸው ሲፈልግ ዓይኑ እጁ ላይ ያለው ወጥመድ ላይ አረፈ። ያን ጊዜ ገባው። ፍልፈሉ ወንዝ አልተሻገረም። የተሻገረው አፈሩ ነው። ከማዶ ዋልካ ሲዛቅ እንስሳውም አብሮ ተዝቆ፣ በገልባጭ ተጭኖ እዚህ ተደፍቷል። ተቆፍሮ የተደፈነ መሬት የሰኔ ዝናብ ሲመታው ይሰምጣል፤ የሰመጠውን ለመሙላት ነው አፈር ከሩቅ የሚጫነው። ቀዩ ሜዳ መሃል ላይ ሃያ እርምጃ የሚሆን ጥቁር መሬት አለ። ጠዋት ሲመጣ ዝናብ ያራሰው መስሎት ነበር። እሱና ሴትየዋ የቆሙት እዚያ ላይ ነው።

አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ወደ ቦሌ አለፈ። ድምፁ ሲርቅ ከእግራቸው ሥር ሌላ ድምፅ ተሰማ፤ ጥርስ ደረቅ ነገር ሲቆረጥም። ከሴትየዋ ጫማ አጠገብ ጥቁሩ አፈር ቀስ ብሎ አበጠ፣ ተሰነጠቀ፣ ከሥር ተገፍቶ ወጣ። ላጲሶ ፈራ። በሕይወቱ ስንት ሺህ ፍልፈል ይዟል፤ ፍልፈል ፈርቶ ግን አያውቅም። ሳይታወቀው ወደ ኋላ ተራመደ፣ እግሩ ቀዩን አፈር እስኪረግጥ ድረስ።

ወይዘሮ ሃረገወይን እግሩን ተከትለው አዩ።

“ላጲሶ!” አለ እሸቴ ከማዶ። “ሰባተኛውስ? ቀለሙንና የተያዘበትን ቦታ ንገረኝ፣ ልጻፈው!”

ቢናገር ነገ ዶክተሩ በደስታ አካፋ ይዞ ይመጣል። ከነገ ወዲያ ዶክተሩም፣ እሸቴም፣ እሱም የሉም።

“ባዶ ነው!” ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። “ምንም አልተያዘም ብለህ ጻፍ!”

ወጥመዱ በእጁ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ እንስሳው ሽቦውን እየነከሰ ነው። ወይዘሮ ሃረገወይን ወጥመዱን አዩ፣ ፊቱን አዩ፣ ከዚያ የቆሙበትን መሬት አዩ። ከጥቁሩ አፈር ላይ ሳይወርዱ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አነሱና ለለቅሶ አዘቀዘቁት።