የሚነፋው የዓሣ ትራስ

ኑርሀያት ከጅዳ ተመልሳ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ለልጆች መጫወቻም መተኛም የሚሆን፣ በአፍ የሚነፋ የዓሣ ትራስ ለመሥራት ስትሞክር ወር ሆኗታል። ዛሬ ከዙሁር ሶላት በኋላ የመጀመሪያውን ጨርሳ ነፋችው፤ ልጇ ሀኒያም ጋደም አለችበት።

«እማ፣ ውስጡ ልጅ ይተነፍሳል» አለች ሀኒያ፣ ጆሮዋን ትራሱ ላይ እንደለጠፈች።

«አብሽሪ፣ የራስሽ ትንፋሽ ነው።»

ልጅቷ አፏንና አፍንጫዋን በእጇ አፍና አዳመጠች። ከዚያ እጇን አነሳች።

«ወላሂ፣ አሁንም ይተነፍሳል።»

ኑርሀያት ትራሱን ነጠቀቻትና ክዳኑን ከፍታ አየሩ ተሟጦ እስኪወጣ በክንዷ ተጫነችው። እፎይ ብላ ክንዷን ስታነሳ የዓሣው ሆድ ብቻውን ቀስ እያለ ማበጥ ጀመረ። ደንግጣ ቀዳዳውን በአውራ ጣቷ ደፈነችው።

ከውስጥ አንድ ነገር ጣቷን እንደ ሕፃን ይጠባ ጀመር።