እንኳን ደህና መጡ

ሰርቨሩ ኮንቴይነር በሚሉት አዲስ የሶፍትዌር ማቀፊያ ውስጥ ተነስቶ፣ ኃላፊው ገጹን ሲከፍት የመጣው ጽሑፍ ጨዋ ነበር፤ «እንኳን ደህና መጡ። የመጀመሪያውን ተጠቃሚ ይመዝግቡ» ይላል። የሰርቨሩ ኃላፊ ክው ብሎ ቀረ። የመሥሪያ ቤቱን ኮድ ሁሉ ስድስት ዓመት ያቀፈ ሰርቨር እንደ ባዳ ተቀበለው። አሮጌውን ኮንቴይነር ገና አሁን በገዛ እጁ አጥፍቶታል። ኮዱ ውጭ ባለው ዲስክ ላይ ይቀመጣል ብሎ ነበር፤ ለካስ እዚያው ኮንቴይነሩ ውስጥ ኖሯል፤ አብሮ ጠፋ።

የሌላውስ ግዴለም፤ ቅጂው በየሰዉ ላፕቶፕ አለ። ያስፈራው የደም ባንኩ ፕሮግራም ነው፤ እሱን ሁሉም እትዬ የሚሏቸው አንጋፋ ባልደረባው ብቻቸውን ነበር የጻፉት፤ ቅጂውም ያለው እሳቸው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። ሊጠራቸው ሲነሳ፣ እትዬ ራሳቸው ላፕቶፓቸውን ደረታቸው ላይ ታቅፈው ገቡ። ዛሬ ጡረታ ይወጣሉ።

«ላስረክብህ መጣሁ» አሉት።

ተቀበላቸው ሳይሆን ነጠቃቸው ማለት ይቀላል። ነፍሱ መለስ አለች። ከዚያ መዳፉ ላይ ሙቀት ተሰማው።

«ምነው እንዲህ ጋለ?»

«ከጠዋት ጀምሮ ሲጠራረግ ነዋ። አንተ አይደለህ እንዴ፣ ‹ሥራው ሰርቨሩ ላይ አለ፤ ላፕቶፑን ባዶ አድርጋችሁ አስረክቡ› እያልክ የምትጨቀጭቀን? አንዲት ፊደል አልተውኩልህም።»

ላፕቶፑን እንደታቀፈ ወደ ስክሪኑ ዞረ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉና ጽሑፉን ቀስ ብለው አነበቡ።

«እኔ ስሰናበት ነው እንኳን ደህና መጡ የሚለኝ?» ብለው ሳቁ።

ላፕቶፑ እጁ ላይ ቀስ በቀስ ይቀዘቅዝ ነበር።